የተቃናውን ጥርስ ማን ይይዘዋል?

ቻርልስ ሀውሊ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጥርስ በማቃናት ስሙን ያስጠራ አሜሪካዊ ሐኪም ነበር። በሙያው ሰዎች ዘንድ እስከ ዛሬ የሚነገርለት አንድ ነገር አለ። ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ታካሚዎቹን ተረክቦ፣ የተቃናው ጥርስ ወደነበረበት እንዳይመለስ ኃላፊነቱን የሚወስድለት ሰው ቢያገኝ፣ ከሚከፈለው ገንዘብ ግማሹን በደስታ እንደሚሰጥ ተናግሯል ይባላል። ቀልድ ይመስላል። ግን ደክሞ ያቃናውን ጥርስ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ጠሞ ያየ ሰው ምሬት ነው።

ብሬስ ያደረገ ሰው ላይ የሚታየው ሽቦው ነው። ሲስቅ ብልጭ የሚለው፣ ምግብ የሚይዘው፣ በየቀጠሮው የሚጠብቀው፣ ዋጋው ቤተሰብ የሚያነጋግረው እሱ ነው። የሕክምናው ታሪክም ብዙ ጊዜ የሚተረከው በሽቦው በኩል ነው፤ ከወርቅ ወደ ብረት፣ ከብረት ወደ ፕላስቲክ። ሽቦው ከተፈታ በኋላ የሚመጣውና ሌሊቱን አፍ ውስጥ የሚያድረው ሪቴይነር ግን እንደ ምርቃት ይቆጠራል። ታሪኩን ጠጋ ብሎ ላየው ሰው፣ የሙያው ዋና ራስ ምታት ከጥንት ጀምሮ ይኸው ምርቃት የተባለው ነገር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥርስ ሲገፉት እንደሚንቀሳቀስ ሰው ካወቀ ቆይቷል። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው ሴልሰስ ስለ ሕክምና በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ፣ የልጅ የወተት ጥርስ ሳይወልቅ ቋሚው ከበቀለ የወተቱ ተነቅሎ፣ አዲሱ ቦታውን እስኪይዝ ድረስ በየቀኑ በጣት እንዲገፋ ይመክራል። ሽቦ የለ፣ ጉጠት የለ፤ ጣት ብቻ። ምክሩ ዛሬም የሚያሳፍር አይደለም። ትንሽ ኃይል፣ ብዙ ቀን የሚለው መርሕ እዚያው ውስጥ አለ። ከሮማውያን በፊት በጣሊያን ምድር የኖሩት የኤትሩስካውያን መቃብር ውስጥ ደግሞ ጥርስ ላይ የተጠመጠሙ የወርቅ ጥብጣቦች ተገኝተዋል። «የመጀመሪያው ብሬስ» እየተባሉ ሲጠሩ መስማት የተለመደ ነው። ጥብጣቦቹን በቅርብ ያጠኑ ሰዎች ግን የወለቀ ጥርስን ምትክ ለማሰርና ለጌጥ የተሠሩ ናቸው ወደሚለው ያደላሉ። ታሪክ ጸሐፊ የሙያውን ዕድሜ ማርዘም ይወዳል።

ነገሩ በወጉ መልክ የያዘው ፓሪስ ላይ ነው። ፒየር ፎሻር በ1728 ስለ ጥርስ ሕክምና ሁለት ቅጽ ያለው መጽሐፍ አሳተመ። ጥርስ መንቀል በአደባባይ ሕዝብ ተሰብስቦ የሚያየው ትርኢት በነበረበት ዘመን፣ ፎሻር የሚሠራውን ሁሉ በሥዕልና በታካሚዎቹ ታሪክ አስደግፎ ጻፈ። ለጠማማ ጥርስ ያዘጋጀው ከብር ወይም ከወርቅ የተሠራ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ቀዳዳ ያለው ስስ ጥብጣብ ነበር። ጥብጣቡ ጥርሶቹ ላይ ይለጠጥና በክር ይታሰራል። ክሩ ሲጠብቅ ጥርሱ ቀስ እያለ ወደ ጥብጣቡ ይሳባል። የዛሬው ሽቦ አያት ይኸው ነው።

ፎሻር ሌላም መንገድ ነበረው፤ ያኛውን ግን ማንበብ ራሱ ያማል። ጊዜ ማባከን በማይፈለግበት ወቅት፣ ጥርስ መንቀያ የነበረውን ፔሊካን የተባለ መሣሪያ ይዞ ጠማማውን ጥርስ በአንድ ጊዜ ወደ ቦታው ያጎብጠዋል። ማደንዘዣ ገና አልተገኘም። ከዚያ የተነቃነቀውን ጥርስ ከጎረቤቶቹ ጋር በክር አስሮ እስኪጠና ድረስ ይተወዋል። ከዚህ ሁሉ ጭካኔ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው የመጨረሻው እርምጃ ነው። ማቃናቱ የደቂቃ ሥራ ሲሆን ማሰሩ ግን ቀናት ይወስዳል። ሪቴይነር የሚባል ነገር ከመኖሩ በፊት ፎሻር ሪቴይነር አስሮ ነበር ማለት ነው።

አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ይበልጡን የመሣሪያ ዘመን ነው። ብሎን መጣ፣ ጎማ መጣ፣ ከአፍ ውጭ ጭንቅላት ላይ የሚታሰር ማሰሪያ መጣ። ኖርማን ኪንግስሊ የተባለው አሜሪካዊ፣ ከጥርስ ሐኪምነቱ ሌላ ቀራፂም የነበረ ሰው፣ በ1880 ስለ አፍ ጉድለቶች ትልቅ መጽሐፍ አወጣ። ጆን ፋራር ኃይሉ እየተመጠነ፣ በየመሐሉ ዕረፍት እየተሰጠ ቢሆን ይሻላል ብሎ ተከራከረ። ሄንሪ ቤከር በ1893 የላይኛውንና የታችኛውን መንጋጋ በላስቲክ አያይዞ እንዲሳሳቡ አደረገ። ዛሬ አንዲት ተማሪ አፏን ከፍታ ከላይኛው ክራንቻ ወደ ታችኛው መንጋጋ ጥርስ የምታጠልቃት ትንሿ ላስቲክ የእሱ ውርስ ናት።

እነዚህን ሁሉ ፈጠራዎች ወደ አንድ ሙያ የሰበሰባቸው ኤድዋርድ አንግል ነው።

አንግል በ1855 በፔንስልቬንያ ተወለደ። ግትር፣ ጠበኛና ድካም የማያውቅ ሰው ነበር፤ ከወዳጆቹ መካከል ያልተቀያየመው ጥቂቱን ነው። በ1899 ያወጣው አከፋፈል እስከ ዛሬ አልተነቀለም። ስድስት ዓመት ገደማ ላይ የሚበቅለውን የላይኛውን የመጀመሪያ ትልቅ መንጋጋ ጥርስ እንደ ምሰሶ ወሰደና የታችኛው ጓደኛው ከእሱ ጋር የሚገጥምበትን ቦታ በሦስት ከፈለው። መንጋጎቹ ገጥመው ሌሎቹ ጥርሶች ከተዘበራረቁ ክላስ ዋን፤ የታችኛው ወደ ኋላ ከቀረ ክላስ ቱ፤ ወደ ፊት ካለፈ ክላስ ስሪ። እኛ ገጣጣ የምንለው ሰው ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ይወድቃል። አዲስ አበባ ያለ ሐኪም በታካሚው ካርድ ላይ ክላስ ቱ ብሎ ሲጽፍ የአንግልን ቁጥር እየጻፈ ነው። በ1900 በሴንት ሉዊስ ከተማ የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ጥርስ ማቃናትም ከጥርስ ሕክምና ተለይቶ ራሱን የቻለ ሙያ የሆነው ከዚህ በኋላ ነው። በ1925 ይፋ ያደረገው፣ ሽቦውን የሚይዝ ባለ አራት ማዕዘን ጎድጓዳ ብራኬት ደግሞ ዛሬ በየክሊኒኩ ለሚለጠፉት ብራኬቶች ሁሉ አባት ነው።

አንግል ግን አንድ እምነት ነበረው፤ እምነት የሚለው ቃል አልበዛበትም። ፈጣሪ ለሰው የሰጠው ሙሉ ጥርስ ነው፣ ስለዚህ አንድም መነቀል የለበትም ይል ነበር። ጥርስ ሁሉ በትክክል ከገጠመና ሰው በደንብ ማኘክ ከጀመረ፣ አጥንቱ ከሥራው ጋር ራሱን አስማምቶ ያድግና ጥርሱን ይይዘዋል። ጀርመናዊው ሐኪም ዩሊየስ ቮልፍ አጥንት በሚሸከመው ጫና ልክ ቅርጹን ይቀይራል ብሎ ማስተማሩ ለዚህ ሐሳብ ድጋፍ ሆነው። በዚህ አስተሳሰብ ሪቴይነር አጥንቱ እስኪጠና ለጥቂት ጊዜ የሚደገፉበት ምርኩዝ ነው፤ ከዚያ ተፈጥሮ ራሷ ትረከባለች።

ሁሉም አልተቀበለውም። ካልቪን ኬዝ የተባለው ሌላ የሙያው አንጋፋ፣ አንዳንድ ፊት ላይ ጥርስ ካልተነቀለ ቦታ አይገኝም፣ በግድ የተደረደረውም አይጸናም ብሎ ተነሣ። በ1911 በአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ጉባኤ ፊት ጉዳዩ ሲቀርብ ለአንግል ወገን ማርቲን ዲዊ ተከራከረ። ኬዝ ተሸነፈ። ትክክል ስላልነበረ አልነበረም፤ የአንግል ተማሪዎች በርክተው ስለነበር ነው። ከዚያ በኋላ ለአንድ ትውልድ ያህል ለማቃናት ብሎ ጥርስ መንቀል በአሜሪካ እንደ ነውር ተቆጠረ።

ነውሩን ያፈረሰው የአንግል የራሱ ተማሪ ነው። ቻርልስ ትዊድ ከመምህሩ የመጨረሻ ደቀ መዛሙርት አንዱ ነበር፤ በአሪዞና ግዛት፣ ቱሳን ከተማ ሆኖ እንደተማረው ለዓመታት አንድም ጥርስ ሳይነቅል ሠራ። ከዚያ ታካሚዎቹን መለስ ብሎ ማየት ጀመረ። ያየው አላስደሰተውም። ከንፈር የሚገፉ ጥርሶች፣ ተመልሰው የተደራረቡ ጥርሶች በረከቱበት። እዚህ ላይ ትዊድ ያደረገው ነገር በየትኛውም ሙያ ብርቅ ነው። ያልተሳካላቸውን ታካሚዎች መልሶ ጠርቶ፣ ከክራንቻ ቀጥሎ ያሉትን አራት ትንንሽ መንጋጋ ጥርሶች አስነቅሎ፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደገና አቃናላቸው። በ1940 ሳይነቀል የታከሙና ከዚያም ተነቅሎ እንደገና የታከሙ የ100 ሰዎችን በጄሶ የተቀረጸ የጥርስ ቅርጽና ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ደርድሮ ለሙያ ባልደረቦቹ አቀረበ። ክርክሩ በቃል ሳይሆን በጄሶ አለቀ።

አለቀ እንጂ የጥርስ መመለስ አላበቃም። ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን ወደ ሀውሊ እንመለስ፤ ምክንያቱም ከምሬቱ ሌላ ዕቃም ትቶልናል።

ሀውሊ በ1919 ያሳተመው ሪቴይነር እንዲህ ያለ ነው። ላንቃ ላይ ልክክ ብሎ የሚቀመጥ ስስ ሳህን አለ፤ ያኔ የሚሠራው ጠንክሮ ከተጋገረ ጎማ ነበር፣ በኋላ በአክሪሊክ ተተካ። ከሳህኑ ግራና ቀኝ ሽቦ ወጥቶ ከክራንቻ እስከ ክራንቻ ስድስቱን የፊት ጥርሶች በውጭ በኩል ያቅፋቸዋል። ክራንቻዎቹ አጠገብ ሽቦው እንደ ተገለበጠ ቀለበት ታጥፏል፤ ሐኪሙ ይህን እጥፋት በጉጠት ትንሽ ቢቆነጥጠው እቅፉ ይጠብቃል። ከኋላ መንጋጋ ጥርሶቹን የሚነክሱ ሁለት ሽቦዎች አሉ። ታካሚው ራሱ ያወጣዋል፣ ያጥበዋል፣ ይመልሰዋል። በዚያን ዘመን ብሬስ የሚሠራው እያንዳንዱን ጥርስ በብረት ቀለበት በመክበብ ስለነበር፣ ቀለበቶቹ ሲወልቁ በየጥርሱ መካከል ክፍተት ይቀራል። የሀውሊ እቅፍ ያንን ክፍተት ለመዝጋትም ይረዳ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላም የዕቃው ንድፍ እምብዛም አልተለወጠም። የተለወጠው ቀለሙ ነው፤ ልጆች ሐምራዊውን ወይም የሚያብለጨልጨውን ይመርጣሉ።

ሪቴይነር ከመጠበቅ አልፎ ሊያክም እንደሚችል የታወቀው ደግሞ በአንዲት ልጅ የክረምት ዕረፍት ነው። ቪጎ አንድሬሰን ዴንማርካዊ የጥርስ ሐኪም ነበር፤ በኋላ በኖርዌይ ዋና ከተማ ኦስሎ አስተማረ። በ1908 የራሱን ልጅ ጥርስ እያቃና ሳለ ልጅቱ ለረጅም ዕረፍት ከቤት ልትሄድ ሆነ። ሽቦው ቢሰበር ማን ያየዋል? አባት ሽቦውን ፈታና ላንቃ ላይ የሚቀመጥ፣ ስትነክስ የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት የሚመራ ልል ሳህን ሠርቶ ሌሊት ሌሊት እንድታደርገው ሰጣት። የጠበቀው ጥርሷ ባለበት እንዲቆይለት ብቻ ነበር። ስትመለስ ወደ ኋላ ቀርቶ የነበረው የታችኛው መንጋጋዋ ተስተካክሎ አገኘው። አክቲቬተር የተባለውና በአውሮፓ ለብዙ አሥርት ዓመታት የልጆች ሕክምና ዋና መሣሪያ የሆነው ዕቃ የተወለደው ከዚህ ነው። አሜሪካ በሽቦ ስትራቀቅ አውሮፓ በሚወልቅ ሳህን መራቀቋም በከፊል ከዚያ ይጀምራል።

ጥርሱ ለምን ይመለሳል? መልሱ ቀስ በቀስ ነው የመጣው፣ የመጣውም ከሰሜን አውሮፓ ነው። ስዊድናዊው ካርል ሳንድስቴት በ1904 ያሳተመው ጥናት ውሾች ላይ የተሠራ ነበር። ሦስት ሳምንት ያህል የተገፋውን ጥርስ ከነአጥንቱ ቀጭን አድርጎ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ አየው። ጥርስ አጥንት ውስጥ እንደ ምስማር የተመታ አይደለም፤ በሥሩና በአጥንቱ መካከል በጅማት የተሞላ ስስ ክፍተት አለ። ሲገፋ በተጨነቀው ጎን አጥንት ይሟሟል፣ በተለጠጠው ጎን አዲስ አጥንት ይሠራል። ግፊቱ ሲበዛ ደግሞ በተጨነቀው ጎን ያለው ሥጋ ደም አጥቶ ይሞታል፣ ጥርሱም ይቆማል። አጥብቆ መሳብ ሥራ አያፋጥንም፤ ያዘገያል። በየቀጠሮው «ዶክተር፣ ጠበቅ አድርገውማ፣ ቶሎ ይለቅ» የሚል ታካሚ ይህን ቢያውቅ ይጠቅመው ነበር።

ኖርዌያዊው ኮሬ ራይታን በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የቀረውን ሞላ። ሥሩን ከአጥንቱ የሚያያይዘው ጅማት ጥርሱ ከቆመ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ራሱን ከአዲሱ ቦታ ጋር ያስማማል። ድዱ ውስጥ፣ ከአጥንቱ ጫፍ በላይ ያሉት ክሮች ግን ቂም ይይዛሉ። ራይታን ባዞራቸው የውሻ ጥርሶች ላይ ከ232 ቀን በኋላም ክሮቹ ተወጥረው፣ ጥርሱን ወደ መጣበት ለመመለስ ሲጎትቱ አገኛቸው። በራሱ ዛቢያ ዞሮ የበቀለ ጥርስ ከሌላው ሁሉ በላይ መመለስ የሚቀናው በዚህ ምክንያት ነው። አሜሪካዊው ጆን ኤድዋርድስ በ1970 መፍትሔ ብሎ ያመጣው አጭርና ግልጽ ነበር፤ ጥርሱ ከተቃና በኋላ እነዚያን የድድ ክሮች በምላጭ መቁረጥ። ይረዳል፤ እስከ ዛሬም የሚሠሩት አሉ።

በዚህ መሐል ሽቦው የራሱን መንገድ ይሄድ ነበር። በ1930ዎቹ ወርቅ ለማይዝግ ብረት ቦታውን ለቀቀ። በ1955 ማይክል ቦኖኮር በሮቸስተር፣ ኒው ዮርክ፣ የጥርስን ገጽ ለሠላሳ ሰከንድ በፎስፎሪክ አሲድ ሲያሻክረው ሙጫ አጥብቆ እንደሚይዝ አሳየ። ሐሳቡን ያገኘው ብረት ቀለም ከመቀባቱ በፊት በአሲድ ከሚታከምበት ከፋብሪካ ሥራ ነው። አሥር ዓመት ቆይቶ ጆርጅ ኒውማን ብራኬትን በቀጥታ ጥርስ ላይ ለጠፈ፤ የብረቱም ቀለበት ከፊት ጥርሶች ላይ ቀረ። ከዚያ ጀምሮ የብራኬት ጠላት ሌላ ሆነ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሸንኮራ አገዳ፣ የበቆሎ እሸት በጥርስ መጋጥ፤ ከእነዚህ በአንዱ ብራኬቱን አስወልቆ ወደ ሐኪሙ ያልተመለሰ ታካሚ ካለ ጨዋ ነው።

የሽቦው ትልቁ ዝላይ የተገኘው ጥርስን ከማያስብ ቦታ ነው። በአሜሪካ ባሕር ኃይል የጦር መሣሪያ ላቦራቶሪ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ዊልያም ቡህለር ኒኬልና ቲታኒየም ቀላቅሎ ለሚሳይል አፍንጫ የሚሆን ብረት ይፈልግ ነበር። በ1961 በአንድ ስብሰባ ላይ ብረቱ ድካም የማያውቅ መሆኑን ለማሳየት እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ቁራጭ በጠረጴዛው ዙሪያ ከእጅ ወደ እጅ እያለፈ ሁሉም ያጥፈዋል፣ ይዘረጋዋል። ተራው ዴቪድ መዚ የተባለ ኃላፊ ዘንድ ሲደርስ ሰውየው የፒፓ ላይተሩን አውጥቶ ቁራጩን አሞቀው። የታጠፈው ብረት በዓይናቸው ፊት ተዘርግቶ ቀጥ አለ። ቅርጹን ያስታውሳል! በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአይዋ ዩኒቨርሲቲው ጆርጅ አንድሬሰን (ከዴንማርካዊው ጋር ስም እንጂ ዝምድና የለውም) ይህን ብረት ወደ አፍ አመጣው። ሽቦው በጠማማ ጥርሶች ላይ ተጣጥፎ ይታሰራል፤ ከዚያ ወደ ቀደመ ቅርጹ ለመመለስ ሲጥር ጥርሶቹን ይዞ ይሄዳል።

ሽቦው እንዲህ ሲራቀቅ ጥያቄው የቀረው እዚያው ነበር። በሲያትል የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ ሪቻርድ ሪደልና ባልደረቦቹ የታከሙ ሰዎችን የጥርስ ቅርጽ በጄሶ እየቀረጹ ለዓመታት አከማችተው ነበር፤ ከሕክምና በፊት፣ በጨረሱ ዕለት፣ ሪቴይነር ካቆሙ ከብዙ ዓመት በኋላ። ሮበርት ሊትል የመለኪያ መንገድ አወጣለት። ከታች ስድስት የፊት ጥርሶች አሉ፤ በመካከላቸው አምስት መነካኪያ ነጥቦች። በትክክል በተደረደረ አፍ እነዚህ ነጥቦች ፊት ለፊት ይገጥማሉ፤ በተዛባ አፍ ይራራቃሉ። ጄሶውን ይዞ በካሊፐር አምስቱን ርቀት ለክቶ መደመር ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

በ1981 የታተመው ውጤት ግን ብዙ ሐኪም እንቅልፍ ነሥቷል። ትዊድ ባወጣው ዓይነት መንገድ አራት ጥርስ ተነቅሎላቸው፣ በአንግል ብራኬት ተቃንተው፣ ሪቴይነር ካቆሙ ቢያንስ አሥር ዓመት የሆናቸው 65 ሰዎች ተለኩ። ሁለት ሦስተኛው ግድም የታች የፊት ጥርሳቸው ተመልሶ ተዛብቷል። በ1988 ሃያ ዓመት ያለፋቸው ሲታዩ አጥጋቢ ሆኖ የተገኘው አሥር በመቶው ብቻ ነበር። የማን ጥርስ እንደሚጸና፣ የማን እንደሚመለስ አስቀድሞ የሚናገር ምልክት ፈልገው አጡ። ይባስ ብሎ፣ ብሬስ ጨርሶ ያላደረጉ፣ ጥርሳቸው መልካም የነበረ ሰዎችም ሲለኩ የታች ጥርሳቸው ከዕድሜ ጋር ሲጨናነቅ ታየ። ስለዚህ የሚመለሰው ሁሉ በሐኪሙ ጥፋት የሚመለስ አይደለም፤ አንዳንዱ ጥርስ ሳይነኩትም ይሄዳል። የአንግልና የኬዝ ወገኖች ለሰባ ዓመት የተሟገቱበት ነገር ሁለቱንም እኩል አሳፈረ። «እስኪጠና ድረስ ለአንድ ዓመት» ይባል የነበረው የሪቴይነር ትእዛዝ «እንደተስተካከለ እንዲቆይ እስከፈለግህ ድረስ» ወደሚለው የተቀየረውም ከእነዚህ ጄሶዎች በኋላ ነው።

ጥርስና መንጋጋ መጀመሪያውኑ ለምን አልተመጣጠኑም የሚለው ሌላ ታሪክ ነው፤ አንድ የሀገራችን ነዋሪ ግን ስለገባበት አይታለፍም። የጥንት ሰዎች አፅም ላይ የተደራረበ ጥርስ እንደ ዛሬው የተለመደ አይደለም። የሃርቫርዱ ዳንኤል ሊበርማንና ባልደረቦቹ በ2004 ባወጡት ጥናት ሽኮኮዎችን ለሁለት ከፍለው አንዱን ወገን ጥሬና ደረቅ ምግብ፣ ሌላውን ያንኑ ምግብ አብስለው እየመገቡ አሳደጉ። ሽኮኮ የተመረጠው ፊቱ አጭር ሆኖ ከአፉ ጋር ያለው አቀማመጥ በመጠኑ የሰውን ስለሚመስል ነው። ለስላሳ የበሉት ሽኮኮዎች ብዙ የሚያኝከው የታችኛው የፊታቸው ክፍል እድገት አሥር በመቶ ግድም አነሰ። በየገደሉ ፀሐይ ሲሞቅ የምናየው ሽኮኮ ለሰው ልጅ ጠማማ ጥርስ ምስክር ሆኖ ይጠራል ብሎ ማን አሰበ! ጠንካራ ምግብ ልጅን ከብሬስ ያድናል ብሎ መደምደም ግን አይቻልም፤ ከወላጅ የሚወረሰው ድርሻ ሰፊ ነው።

ምን ማቃናት ያስፈልጋል የሚለው ራሱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። አንግል የውበት ሁሉ ሚዛን አድርጎ የያዘው የግሪክ ጣዖት የሆነውን የአፖሎ ቤልቬዴሬን ፊት ነበር። የሥዕል መምህር የሆነውን ወዳጁን ኤድመንድ ቩርፐልን ለቆንጆ ፊት አንድ ሕግ ስጠኝ ቢለው፣ እንዲህ ያለ ሕግ የለም፣ እያንዳንዱ ፊት የራሱ ሚዛን አለው የሚል መልስ ነበር ያገኘው። ከኢትዮጵያ ቢጠየቅም መልሱ ከቩርፐል ጋር ይገጥም ነበር። ከላይ በሁለቱ የፊት ጥርሶች መካከል ያለው ፍንጭት በአሜሪካ የሚዘጋ ክፍተት ነው፤ በእኛ ዘንድ በዘፈን የሚወደስ ውበት ነው። በሰሜን የሀገሪቱ ክፍል ድዳቸውን የሚነቀሱት ሴቶችም የጥርሳቸውን ንጣት የሚያጎላ ጥቁር ዳራ ነው የሚሠሩት። የሚገርመው፣ ፍንጭት ከተዘጋ በኋላ ለመከፈት ከሚቸኩሉት ነገሮች አንዱ ነው። ብዙ ሐኪም ከዘጋ በኋላ በጥርሶቹ ጀርባ ሽቦ ለጥፎ እዚያው ይተወዋል።

ሪቴይነር ከሽቦው በልጦ የወጣበት ቀን ግን መጣ። ሃሮልድ ኬስሊንግ ገና በ1945 ጥርሶቹ በሰም ላይ ተስተካክለው ከተደረደሩ በኋላ በዚያ ላይ የሚቀረጽ የጎማ ዕቃ ሠርቶ ነበር፤ አንድ ቀን ተከታታይ ዕቃዎችን እየቀያየሩ ጥርስን ያለ ሽቦ መንዳት ይቻል ይሆናል ብሎም ጽፏል። በእጅ የሚሞከር አልነበረም። በ1990ዎቹ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ዚያ ቺሽቲ ካደገ በኋላ ብሬስ አድርጎ ሲጨርስ፣ ግልጽ የፕላስቲክ ሪቴይነር ተሰጠው። ጥቂት ቀን ሲተወው ጥርሱ ይሸሻል፤ መልሶ ሲያጠልቀው ሪቴይነሩ ጥርሱን ወደ ቦታው ይገፋዋል። ሚሊዮን ሰው ያየውን ነገር እሱ በሌላ ዓይን አየው። መልሶ ከገፋው፣ ወደ ፊትስ ለምን አይገፋውም? የጎደለው ኮምፒዩተር ብቻ ነበር። በ1997 ከኬልሲ ዊርዝ ጋር አላይን ቴክኖሎጂን መሠረተ፤ ኢንቪዛላይን በ1998 የአሜሪካን መንግሥት ፈቃድ አገኘ። እያንዳንዱ ፕላስቲክ ጥርሱን ሩብ ሚሊሜትር ግድም ይገፋና ለተከታዩ ያስረክባል። የመጨረሻው ሲያበቃ የሚሰጠው ሌላ ፕላስቲክ ነው፤ እሱም ሪቴይነር ነው።

ዛሬ ታካሚው ፊት የሚቀርቡት ምርጫዎች ሦስት ግድም ናቸው። የሀውሊ ሳህን አንዱ ነው። ሁለተኛው ሉዊዚያናዊው ጆን ሸሪዳን በ1993 ያስተዋወቀው ስስ ግልጽ ፕላስቲክ ነው፤ ሲታይ የለም፣ ነገር ግን ይሰነጠቃል፣ በፈላ ውኃ ሲታጠብ ይቆለመማል። ምግብ ሲቀርብ በሶፍት ተጠቅልሎ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ደግሞ ከፍርፋሪው ጋር ይጣላል። ሦስተኛው ታካሚውን ከማስታወስ ግዴታ የሚያሳርፈው ነው፤ ከተጠማዘዙ ቀጫጭን ሽቦዎች የተሠራ አንድ ዘንግ በታች የፊት ጥርሶች ጀርባ ላይ በሙጫ ይለጠፋል። የኦስሎው ቢዮርን ዛክሪሰን ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያስፋፋው ነው። ምላስ ለጥቂት ቀን ይፈትሸዋል፣ ከዚያ ይረሳዋል።

መርሳቱ ደህና አልነበረም። በ2007 ከኔዘርላንድስ የመጣ ዘገባ፣ ሽቦው ሳይላቀቅ በቦታው እያለ ጥርሳቸው የተንቀሳቀሰባቸውን ሰዎች አቀረበ። የተጠማዘዘው ሽቦ ሲለጠፍ በውስጡ ጥቂት ውጥረት ቀርቶ፣ ወይም ጠንካራ ነገር ሲነከስበት ጎብጦ፣ ዓመት ከዓመት ጥርሶቹን ሲገፋ ኖሯል። አንዱ ክራንቻ ወደ ውጭ፣ ሌላው ወደ ውስጥ ዘምሟል፤ አንዳንዱም ሥሩ ከድዱ እስኪጋለጥ ድረስ። ለመያዝ የተለጠፈው ሽቦ ራሱ ብሬስ ሆኖ ሠርቷል። የሚያስተካክለውም ሌላ ብሬስ ነው። ስለዚህ ጥርሳቸው ጀርባ ሽቦ ያለባቸው ሰዎች፣ ምንም ባያማቸውም፣ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ሐኪም እንዲያይላቸው ይመከራሉ፤ ከአንድ ጥርስ ላይ የተላቀቀ ሽቦ ካለ ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቁ።